እናቴ ጋቢና ስትቀመጥ

ጋቢናው የእኔ ነበር። አባቴ መኪና መንዳት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ግን እናቴ በሩን ከፍታ "ወደ ኋላ እለፊ" አለችኝና በቦታዬ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ያስነሳት ሰው የለም። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ነገሩንም የተረዳሁት ሰፈሩ ሁሉ በተረዳው መንገድ ነው። እናቴ ባሏን አታምነውም።

አባቴ አየነው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ጥገና ክፍል ውስጥ ከማለዳ ጀምሮ ብሎን ሲፈታና ሲያጠብቅ ይቆያል። የድሬዳዋ ሙቀት ሰውን ሁሉ ቤቱ በሚያስገባበት ሰዓት፣ ሌሎቹ አባቶች ሽርጣቸውን አገልድመው ጫት ይዘው በርጫ ሲቀመጡ፣ እሱ ፊቱን ታጥቦ ንጹሕ ሸሚዝ ይለብስና የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሮ መጋላ ገበያ ይሄዳል። እዚያ ፋራህ የሚባል ጨርቅ ነጋዴ ግራጫ ፔጆ ነበረችው። ጠዋት ጠዋት ራሱ ዕቃ ያመላልስባታል፤ ከሰዓት በኋላ ግን ሱቁ ደጅ ፀሐይ ሲመታት ትውላለች። ስለዚህ አባቴን "ሲመችህ ውሰዳት፤ ሲደክምህ መልሳት" አለው። ውላቸው ይኸው ነበር። አባቴ መጀመሪያ የፋራህን ልጆች ከትምህርት ቤት አምጥቶ ቤታቸው ያደርሳል። ከዚያ በኋላ የባቡር ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ሰው ይጭናል፤ ያገኙትን ይካፈላሉ።

ለምን እንደዚያ እንደሚሮጥ አይገባኝም ነበር። ቤታችን ከጎረቤቶቻችን ቤት የባሰ አልነበረም። "አባዬ፣ ዛሬ እንኳ እረፍ" ስለው "ጊዜ አለ ብለሽ ነው?" ይለኛል እየሳቀ። ለእኔ የድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ ማለቂያ ያልነበረው ነገር ነው። ጊዜ ያለቀበት ሰው አይቼ አላውቅም።

እናቴ ሽታዬ ደግሞ ለመጋላ ሱቆች ልብስ ትሰፋ ነበር። በጅቡቲው መስመር ላይ አይሻ ጣቢያ የተወለደች የባቡር ሠራተኛ ልጅ ናት፤ ሶማሊኛ እንደ አማርኛ ይቀናታል። ጋቢና መቀመጥ ስትጀምር ስፌቷን እኩል ቀን እየተወች መጣች። ሰው ሊቀመጥበት የሚችለውን ወንበር ይዛ፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ አንገቷን አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ታዞራለች። መንገድ ላይ የሚያልፉትን ሴቶች የምትቆጥር ይመስለኝ ነበር። አፏም አያርፍም።

"ከቀኝ ጋሪ።"

"እሺ።"

"በግራ ሁለት ሴቶች። ሊሻገሩ ነው።"

"እሺ ሽታዬ።"

"ፍየሏን፣ ፍየሏን።"

"እሺ።"

አባቴ እሺ ከማለት በቀር ሌላ ቃል የሌለው ይመስል ነበር። የኋላ ወንበር ላይ ሆኜ በእሱ ፈንታ እናደዳለሁ። ግመል የሚያህል እንስሳ ከፊቱ ቆሞ የማይታየው ይመስል ትነግረዋለች፤ እሱም ዓይን የሌለው ይመስል "እሺ" ይላል።

ጣቢያው በር ላይ ታክሲ የሚነዳ ጃማዕ የሚባል ሰው ነበር። ከኒሙ ዛፍ ሥር ሆኖ ሲያየን ገና ከሩቅ ይጀምራል።

"አቦ አየነው፣ ዛሬም ዘበኛህን ይዘህ መጣህ?"

አባቴ አብሮት ይስቃል። እናቴ ዓይኗን ከመንገዱ አታነሣም።

ከሁሉ የባሰው አመሻሽ ላይ ነበር። ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚገባው፤ ለታክሲ ነጂዎች ጥሩው ሰዓት ያ ነው። አባቴ ግን ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ ቁልፉን ያዞርና ወደ መጋላ ይመለሳል። "ሰው ሊመጣ ሲል ትሄዳለህ እንዴ?" ይለዋል ጃማዕ። አባቴም "ምን ላድርግ፣ ሴትዮዋ ከመሸ አትወድም" ብሎ በአገጩ ወደ እናቴ ያመለክታል። ነጂዎቹ ይሳሳቃሉ። እናቴ ይህን ሁሉ እየሰማች ነጠላዋን ታስተካክላለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ አላስተባበለችም። ባለቤቴ ይህን ታሪክ ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ "እናትሽ ግን እንዴት ቻለችው?" ብሎ ነው። እኔም ራሴ ካደግኩ በኋላ ነው የጠየቅኩት። ያኔ ግን የምትኮራበት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከአንድ ሆቴል ደጅ ባለ ሽቶ ሴት ጫንን። ነጭ ጫማ አድርጋለች፤ ሻንጣዋ እግሬ ላይ ተጭኗል። ከጎኔ ተቀምጣ ወደ ፊት ዘንበል አለችና "ጌታዬ፣ ባቡሩ ሳያመልጠኝ ታደርሰኛለህ?" አለችው አባቴን። አባቴ በመስታወቱ ቀና ብሎ አያትና "ምንም ችግር የለም" አለ ፈገግ ብሎ። እናቴ በዚያች ቅጽበት ሁለት እጇን ልካ መሪውን ጎተተችው።

መኪናዋ ወደ ግራ ተወረወረች። ጭንቅላቴ ከባለ ሽቶዋ ትከሻ ጋር ተጋጨ። የሆነ ነገር የመኪናውን ጎን ዷ ሲያደርገው ሰማሁ፤ ከዚያ ሞተሩ ጠፋ። ብርቱካኖች መንገዱ ላይ ሲንከባለሉ በመስኮቱ አየሁ። አንዲት ብርቱካን ሻጭ መሬት ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ይዛለች። በኦሮምኛ ትራገማለች፤ ደሟ በአቧራው ላይ ይወርዳል።

እናቴ ሮጣ ወርዳ በነጠላዋ ጫፍ ጉልበቷን ጠረገችላት። ደጋግማ ይቅርታ እየለመነቻት ብርቱካኖቹን ከጎማው ሥር ሳይቀር ለቀመች። አባቴ አልወረደም። ሁለት እጁ መሪው ላይ እንዳለ ነው።

"ሴትዮዋን ምን ነካት?" አለች ባለ ሽቶዋ።

"ትቀናለች" አልኩ እኔ።

አባቴ በመስታወቱ አየኝ።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። እናቴ "ዛሬ ጉልበቷ ብቻ ነው። ነገ ልጅ ቢሆንስ?" አለች።

"አልታየችኝም፣ ሽታዬ። ጭራሽ አልታየችኝም።"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው ይብቃን የምልህ።"

"ሐኪሙ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ይዘጋል ነው ያለኝ። ሳይዘጋ የምችለውን ልሥራ። ከተዘጋ በኋላ ማን ይቀጥረኛል?"

እናቴም "እንግዲያው ከጎንህ አልወርድም" አለች። "አንድ ቀን ብቻህን ስትነዳ ከሰማሁ ግን አለቃህ ዘንድ ሄጄ እናገራለሁ። ምዬልሃለሁ።"

ፍራሼ ላይ ተጋድሜ ሁሉንም በራሴ መንገድ ተረጎምኩት። ያልታየችው ባለ ሽቶዋ ሴት ናት። የሚዘጋው ደግሞ ወይ የባቡሩ መንገድ ነው፣ ወይ የፋራህ ሱቅ። እናቴም አባቴን በአለቃው አስፈራርታዋለች።

የአባቴን የዓይን በሽታ ዛሬ ግላኮማ ይሉታል። በሽታው በዘር ስለሚሄድ እኔም በየዓመቱ ዓይኔን እታያለሁ። አባቴን የያዘው ከጎንና ከጎን ጀምሮ ነው። ከፊቱ ያለውን ጥርት አድርጎ ያያል፤ ጽሑፍ ያነባል፤ ሰው ፊቱ ቢቆም ይለያል። ግራና ቀኙ ግን ጠፍቶበታል። ሲመሽ ደግሞ የፊቱም ይጠፋል። ብርቱካን ሻጯ ከቀኝ ነበር የመጣችው።

ልክ ነበሩ ብዬ አልከራከርላቸውም። በዚያች መኪና ሽማግሌ ተሳፍሮባታል፣ አራስ ተሳፍራባታለች፣ የሰው ልጆች በየቀኑ ከትምህርት ቤት ተመላልሰውባታል። እናቴም እስክታረጅ ድረስ ልክ ነበርን ብላ አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ "ቢከለክሉት ደብቆ እንደሚነዳ አውቅ ነበር" አለችኝ።

በረሃው ውስጥ ወዳለችው ጀልዴሳ የሄድነው እሑድ ቀን ነው። ምሳ በልተን ሙቀቱን እየሸሸን በተጋደምንበት በሩ ተንኳኳ። የፋራህ እናት ሃሊሞ ናቸው። ትልቅ ሴት ናቸው፤ ሰው ይልካሉ እንጂ እሳቸው ሰው ቤት ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ተቀመጡ ሲባሉ አልተቀመጡም።

"ልጄ ኻድራ ከትናንት ጀምራ ምጥ ላይ ናት" አሉ። "አልወለደችም። ጀልዴሳ ናት፤ ባሏ ከግመሎቹ ጋር ርቋል። ፋራህ ጅቡቲ ነው። መኪናዋ ሱቁ ደጅ ቆማለች።"

"ጃማዕስ?" አለች እናቴ።

"ሐረር ወጥቷል። ሌሎቹ መንገዱን ሲሰሙ መኪናችን ይሰበራል አሉኝ።"

አባቴ ወደ በሩ ወጥቶ ፀሐይዋን አየ። እናቴ ተከትላው ወጣች። በር ላይ ቆመው ሲንሾካሾኩ ጆሮዬን ጣልኩ።

"አይሆንም" አለች እናቴ። "መንገድ እንኳ የሌለው አገር ነው።"

"አሁን ከወጣን ሳይመሽ እንመለሳለን።"

"ባንመለስስ?"

እናቴ ወደ ውስጥ ዞር ብላ ሃሊሞን አየቻቸው። አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ጨምድደው ይዘዋል፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። እናቴ ነጠላዋን ከሚስማሩ ላይ አወረደች።

"ወርቅዬ፣ ግቢ መኪና ውስጥ" አለችኝ።

ከከተማው ስንወጣ ነጭ አቧራ ከኋላችን ተነሣ። ግራና ቀኙ እሾህና ድንጋይ ነው፤ አልፎ አልፎ ከሰው የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ ይታያል። የመኪናው ቆርቆሮ ያቃጥላል። እናቴ ከወትሮው የባሰ ታወራለች። "ግራ ድንጋይ። አሁን ቀኝ ያዝ። ቀኝ፣ ቀኝ። ጉድጓድ አለ። በቃ፣ አለፈ።" ከጎኔ የተቀመጡት ሃሊሞ ሰውነታቸው ከመኪናው ጋር እየተናጠ ዓይናቸውን ከእናቴ ማጅራት ላይ አልነቀሉም።

ከመንገዱ እኩሌታ በላይ ከሄድን በኋላ እሾህ ጎማችንን ወጋው። አባቴ ወርዶ ጎማ ቀየረ። ብሎኖቹን በጣቱ እየዳበሰ ያገኛቸዋል፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ነው የሚፈታቸው። "አባዬ እኮ ሳያይ ነው የሚሠራው" አልኳቸው ሃሊሞን በኩራት። ሃሊሞ የአባቴን ጣቶች ትኩር ብለው አዩ። አዲሱ ጎማ እስኪገባ ፀሐይዋ ብዙ ወርዳ ነበር።

ጀልዴሳ ስንደርስ ሴቶች ኻድራን በሰሌን ምንጣፍ ተሸክመው አመጧት። እህቴ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። የኋላ ወንበር ላይ ግማሽ አጋድመዋት ጭንቅላቷን እናቷ ታቀፉት፤ እኔን ደግሞ እግሯ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጡኝ። እጄን ያዘችኝ። ምጡ ሲመጣ ጣቶቼ የሚሰበሩ ይመስለኛል፤ እሷ ግን አትጮኽም። ለዚህ ነው እኔም ያልጮኽኩት።

ስንመለስ ፀሐይዋ እንደ ድንጋይ ወደቀች። በዚያ አገር ማምሻ የሚባል ነገር የለም። ሰማዩ ቀላ፣ ከዚያ ሐምራዊ ሆነ፣ ድንጋዩና ጥላው አንድ ዓይነት መልክ ያዙ። አባቴ ፍጥነቱን ቀነሰ። የእናቴ ቃል በዛ፤ ድምፅዋ ቀጠነ። መብራት አብርቷል፤ እሱ ግን ፊቱን ወደ መስታወቱ አስጠግቶ አንገቱን እንደ ኤሊ ዘርግቷል። አንድ ድንጋይ መታን። ቀጥሎ ሌላ። ኻድራ አቃሰተች።

"ግራ አልኩህ" አለች እናቴ። "አየነው፣ ግራ።"

መኪናዋ ቆመች።

"አልቻልኩም" አለ አባቴ።

በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያለው። ጭቅጭቋን አልቻልኩም ያለ መሰለኝና ልቤ ደስ አለው። በስንት ጊዜው አንድ ቃል ተናገረ።

እናቴ በሯን ከፍታ ወረደች። በመብራቱ ፊት አልፋ በእሱ በኩል ዞረችና በሩን ከፈተችው። "እለፍ" አለችው። አባቴ መሪውን ለቀቀና ወንበሩ ላይ ተንሸራቶ ወደ እሷ ቦታ አለፈ። ሰው ፊት፣ የሰው እናት ፊት፣ ከገዛ ቦታው አስነሣችው።

"ምንድነው? ለምን ቆማችሁ?" አሉ ሃሊሞ።

እናቴ ወደ ኋላ ዞራ በሶማሊኛ መለሰችላቸው። ከሶማሊኛ የማውቀው የገበያውን ብቻ ነው። "ኢንዶ" የምትል ቃል ሁለት ጊዜ ሰማሁ፤ ሃሊሞም "ኢንዶ?" ብለው ደገሙት፣ ከዚያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ኢንዶ የሴት ስም መሰለኝ። በዚያ ጨለማ፣ በዚያች ሴት ምጥ መሃል፣ እናቴ ኢንዶ ስለምትባል ሴት የምትከስሰው መሰለኝ። ቃሉ "ዓይን" ማለት መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

እናቴ በሕይወቷ መሪ ይዛ አታውቅም። ያየችው ግን ከማንም በላይ ነው።

"ፍሪሲዮን ርገጪ" አላት አባቴ። "ግራ እግርሽ። እስከ መጨረሻው።"

ከመሪው ሥር የወጣውን ማርሽ እጁን ዘርግቶ እሱ አስገባው። "አሁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ። በቀኝ እግርሽ ነዳጅ። ቀስ።"

መኪናዋ እንደ ፍየል ዘለለችና ሞተሩ ጠፋ። ሃሊሞ "ያ አላህ" አሉ። እንደገና አስነሣችው፤ እንደገና ጠፋ። ኻድራ እጄን ጨመቀችው። በሦስተኛው እየተንገጫገጭን ሄድን።

ከዚያ በኋላ አባቴ ዝም ብሎ ሞተሩን ነው የሚያዳምጠው። ድምፁ ሲከብድ "ርገጪ" ይላል፣ ማርሹን ይቀይራል፣ "ልቀቂ" ይላል። ምን እንደሚታያት ይጠይቃታል። እሷም ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባት ይነግራታል። እኔ ወለሉ ላይ ሆኜ ሰማዩን ብቻ ነው የማየው። ከማዳመጥ በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

"አሸዋ አለ ፊታችን" አለች። "ወንዝ ነው።"

"ሰፊ ነው?"

"ሰፊ ነው።"

"እንዳትቆሚ። አሸዋ ላይ ከቆምሽ እዚያው ነው የምናድረው። ምንም ቢመጣ እግርሽን ከነዳጁ እንዳታነሺ።"

መኪናዋ አሸዋው ውስጥ ገባች። ኋላዋ እንደ እባብ ወዲያና ወዲህ ሄደ። ሞተሩ ጮኸ።

"ግመሎች!" አለች እናቴ። "ተኝተዋል። መንገዱ ላይ ተኝተዋል።"

"በየት በኩል ባዶ አለ?"

"በቀኝ። ጠባብ ነው።"

"በቀኝ ሂጂ። እግርሽን አታንሺ።"

አባቴ እጁን ልኮ ጡሩምባውን ተጫነው፤ አልለቀቀውም። በመስኮቱ የግመል ረጅም አንገት ከጨለማው ሲነሣ አየሁ፤ እጄን ብዘረጋ የምነካው ነበር። የመኪናውን ጎን የሆነ ነገር ፋቀው። ከዚያ መሬቱ ጠነከረ፤ ድንጋዮቹ እንደገና ከሥራችን መንኳኳት ጀመሩ። እናቴ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ድምፅዋን ሳታሰማ፣ በአፍንጫዋ ብቻ። መሪውን ግን አልለቀቀችም።

የከተማው መብራት ሲታይ ኻድራ መጮኽ ጀምራ ነበር። ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነርሶቹ ወደ ውስጥ ወሰዷት። ሃሊሞ ከመግባታቸው በፊት የእናቴን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሯን ሳሟት። ልጇ በሰላም ተወለደች፤ እናትየዋም ዳነች። ዛሬም ሳቢያን ሰፈር ጎረቤቴ ናት ያቺ ልጅ፤ የልጅ ልጆች አይታለች።

አባቴ ብቻውን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ከጎኑ ተቀመጥኩና "ለምን ዝም አልካት?" አልኩት። ስለ ምን እንደምጠይቀው የገባው አይመስለኝም። "ምን እላታለሁ?" አለኝ። መዳፉን ጉልበቴ ላይ አሳረፈ።

ፋራህ ከጅቡቲ በተመለሰ ማግስት አባቴ ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ "ነይ እንሂድ" አለኝ። እናቴ በር ድረስ ሸኘችን። "እኔ ልምጣ?" አለችው። "አይ፣ ይህን ለብቻዬ" አላት።

ፋራህ ሲያየን ከጨርቁ ጥቅል ላይ ዘሎ ተነሣ። አባቴን አቅፎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

"ወላሂ ወንድሜ ነህ" አለ። "እናቴ፣ ሆዮ ነገረችኝ። ሁሉም እምቢ ሲል አንተ ሄድክ። ከዛሬ ጀምሮ መኪናዋን ቀኑን ሙሉ ውሰዳት። ልጆቼንም ጠዋት አንተው አድርሳቸው።"

ሃሊሞ ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋረጃ አጠገብ ተቀምጠዋል። እኛን እንዳላዩ መሬት መሬት ያያሉ። ለልጃቸው ግማሹን ብቻ እንደነገሩት አባቴ ያኔ ገባው። ዝም ማለት ይችል ነበር። ቁልፉን አውጥቶ ጨርቁ ላይ አስቀመጠው።

"የነዳሁት እኔ አይደለሁም" አለ። "ሽታዬ ናት። እኔ አላይም፣ ፋራህ። ፊት ለፊቴን ነው እንጂ ጎንና ጎኔን አላይም። ሲመሽ ደግሞ ምንም።"

ፋራህ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ የአባቴን ዓይን አንድ በአንድ ተመለከተ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"መኪናህን ሳልይዝ ጀምሮኝ ነበር። ሐኪሙ የነገረኝ ግን ከያዝኳት በኋላ ነው።"

"ልጆቼን ስታመላልስ?"

"አዎ።"

"ያንንም ጊዜ አታይም ነበር?"

"ሽታዬ ታይልኝ ነበር።"

ፋራህ ጨርቅ የሚለካበትን የእንጨት ሜትር አነሣ። የሚመታው መስሎኝ የአባቴን ሱሪ ያዝኩ። መልሶ አስቀመጠው። "ውጣልኝ" አለ። "አንድ ነገር ሳልልህ ከሱቄ ውጣ።"

ሃሊሞ በሶማሊኛ መናገር ጀመሩ፤ ረጅም፣ ቁጣ የሌለው ንግግር። ፋራህ "ሆዮ፣ ተዪኝ" ብሎ ጀርባውን ሰጠን።

ፋራህ ከዚያ በኋላ አባቴን እስከ ዕለተ ሞቱ ሰላም አላለውም። ለአባቴ አለቆች ግን አንድ ቃል አልተናገረም። መኪናዋ ጥቂት ወራት ቆማ ከረመች። ከዚያ ሃሊሞ ልጃቸውን እንዴት እንዳሳመኑት ባላውቅም እናቴን አስጠሯት፤ የመጋላ ሴቶች ሐኪም ቤትም ሰርግም ሲሄዱ ባዕድ ወንድ ከሚያደርሳቸው ሴት ብታደርሳቸው ይሻላል አሉ። እናቴ መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከስፌቷ በተረፈው ሰዓት፣ የሶማሊያ ጦርነት እስከመጣበት ዓመት ድረስ፣ ያቺን ግራጫ ፔጆ ነዳች። የአባቴ ዓይን ሐኪሙ ካለው ጥቂት ቆይቶ ተዘጋ።

ያን ቀን ግን ይህ ሁሉ ገና ነበር። አባቴና እኔ ከመጋላ ወጥተን የደቻቱን አሸዋ እየተሻገርን ነው። ፀሐይዋ ጭንቅላታችን ላይ ናት። እሱ ዓይኑን ከፊቱ ሳይነቅል ይሄዳል፤ እኔ በቀኙ ነኝ። ለእናቴ ብሎ የዋሸ ነበር የመሰለኝ። ሰው ከመሪው እንዳስነሣችው ከሚያወራበት "ዓይኔ ነው" ማለት ተሻለው ብዬ አሰብኩ።

"እውነትህን ነው?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ለጋሽ ፋራህ ያልከው።"

"እውነቴን ነው።"

"እኔን እንዴት ታየኛለህ እንግዲያው?"

"ፊቴ ስትቆሚ አይሻለሁ። አጠገቤ ስትሄጂ እሰማሻለሁ።"

አላመንኩትም። እጄን ከጆሮው አጠገብ አነሣሁና ጣቶቼን አወዛወዝኩ። መሄዱን ቀጠለ። ምላሴን አወጣሁበት፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ሳደርግ አፍንጫዬን ይቆነጥጠኛል። ምንም አላለም። እጄን ቀስ እያልኩ ወደ ፊት ወሰድኩት። ጉንጩን አለፈ። የቅንድቡን ጫፍ አለፈ። አላየውም። አፍንጫው ጋ ሊደርስ ሲል አባቴ ቆመ።

"እዚህ ጋ" አለ። "አሁን ጣቶችሽ ታዩኝ።"

እጄን አወረድኩ። በግራው በኩል ምናልባት ይሻለው ይሆናል ብዬ በጀርባው ዞሬ ሄድኩ። እሱም ምን ላደርግ እንደሆነ ገብቶት፣ አሸዋው መሃል፣ ፊቱን ወዴትም ሳያዞር ቆሞ ጠበቀኝ።